የማን ጫማ ነው?

እ... እየቀዳ ነው? አዎ። እንደምን ናችሁ። ወንበሬ ዛሬም ይጮሃል፣ ቻሉኝ። ያዘጋጀሁትን ርዕስ ትቼዋለሁ። የቅዳሜው ነገር አልለቀቀኝም።

ያቺን ባለ አራት ጎማ ሮቦት ታውቋታላችሁ፣ ጓደኛዬ ሲሠራት የከረመውን። አሁን አንገት አውጥታለች። አንገቷ ላይ ሁለት ካሜራ፣ እንደ ዓይን ጎን ለጎን። ካሜራዎቹ የሚያዩትን የሚያሳየኝን መነጽር አጠለቅኩ። ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ ሳዞር እሷም ታዞራለች። ትንሽ ትዘገያለች፣ በጣም ትንሽ፤ ሆዴ ግን አወቀው፣ አቅለሸለሸኝ። ከዚያ ለመድኩት። ቶሎ መልመዴ ነው እንግዲህ...

ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። «ገባሁ» ነው ያልኩት፣ «አስገባኋት» አላልኩም። አቧራው እንደ ጥጥ ተድቦልቡሎ አጠገቤ ነበር። በወዲያ በኩል ስወጣ ሁለት እግር ፊቴ ተገትሯል። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያሰብኩት፣ ቃል በቃል፣ «ይቺ ሴትዮ ለምን አትነሳልኝም?» ነው። ተናደድኩባት። ከዚያ የግራ ጫማዋን አየሁ። ጫማው ጥቁር፣ ክሩ ቡናማ። ጠዋት ክሬ ተበጥሶብኝ ከሌላ ጫማ ፈትቼ ያሰርኩት ክር።

ጉልበቴን ነካሁ። ሴትዮዋም ጉልበቷን ነካች፤ ትንሽ ዘግይታ።

ሄንሪክ ኤርሶን የሚባል የአንጎል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ሙከራ አለ። ሰዎቹ መነጽር አድርገው፣ ከኋላቸው በተተከሉ ካሜራዎች የራሳቸውን ጀርባ ያያሉ። ደረታቸው በዘንግ ሲነካ፣ በዚያው ቅጽበት ሌላ ዘንግ ከካሜራው ሥር ይንቀሳቀሳል። ካሜራው ያለበት ቦታ የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ወደዚያ መዶሻ ሲሰነዘር ይደነግጣሉ፤ በቆዳቸው ላብ ተለክቷል። ይሄን አውቀው ነበር። ግን እነሱ የፈሩት ለራሳቸው ነው። እኔ ለዚያች ሴት... ምንም። እንቅፋት ነበረች።

ጥፋቱ የመሣሪያው ነው እንዳልል ደግሞ... እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2001 ዣክ ማርስኮ የሚባል ቀዶ ሐኪም ኒውዮርክ ሆኖ፣ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የተኛች የ68 ዓመት ሴት ሐሞት ከረጢት በሮቦት አውጥቷል። በመካከላቸው አትላንቲክ አለ። መዘግየቱ 155 ሚሊሰከንድ ገደማ ነበር። እሱም ያያት በካሜራ ነው። ግን ሰው እንዳለች ያውቃል፣ ለእሷ ብሎ ነው የተቀመጠው። እኔ ምን ብዬ ነበር የተቀመጥኩት? ለማለፍ። ምናልባት ልዩነቱ ይሄ ነው። ምናልባትም አይደለም፤ እንዲህ ስለው ቀለለብኝ፣ ቀላል ግን አልነበረም።

ወደፊት መነጽሩም ቀርቶ ምስሉ በቀጥታ ወደ አንጎል ይገባል ይባላል። ገና ሩቅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የፈቀደችው አርገስ 2 የሚባለው፣ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ የሚተከል መሣሪያ 60 ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ነርቭ የሚቀሰቅስ የኤሌክትሪክ ነጥብ፣ ብቻ ነበረው፤ የዓይን ነርቭ ወደ አንድ ሚሊዮን ክር አለው። ሩቅነቱ ድሮ ያበሳጨኝ ነበር። መሐንዲሶቹ ሁሉ ያንን መዘግየት ለማጥፋት ነው የሚደክሙት፣ እኔም ሳጨበጭብ ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ግን... እጇ ዘግይቶ ባይነሳ፣ ክሩም ጥቁር ቢሆን ኖሮ፣ ገፍቻት አልፍ ነበር?

ጓደኛዬ ደውሎ ነበር። መዘግየቱን ቀንሼዋለሁ አለኝ፣ ደስ ብሎታል። እመጣለሁ አልኩት። ክሩን እስካሁን አልቀየርኩትም፣ እና... ቆይ፣ ባትሪው...