ሕንፃው ፊደል ነው ወይስ ወረቀት?

ሜሮን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬውን ርዕስ ያመጣው ዳዊት ነው። ቻይና አርክቴክቸር የተማረ ሰው ፊት ማይክ ስታስቀምጡ መጨረሻው ይሄ ነው።

ዳዊት፦ ገና አፌን ሳልከፍት ጀመርሽ? ርዕሱ እኮ ቀላል ነው። ከቻይና ካሊግራፊ፣ ማለትም በብሩሽ ፊደል ከመጻፍ ጥበብ የተነሱ የጥበብ ሙዚየሞችና ጋለሪዎች።

ሜሮን፦ ቀላል ብሎ ነገር! ስትነግረኝ የታየኝ ፊደል የሚመስል ትልቅ ፎቅ ነው።

ዳዊት፦ እሱ ዓይነትም አለ። ለቤጂንግ አዲስ ብሔራዊ የጥበብ ሙዚየም ውድድር ወጥቶ ነበር። ስመ ጥር አርክቴክቶቹ ፍራንክ ጌሪም ዛሃ ሐዲድም ተወዳድረዋል። ያሸነፈው ፈረንሳዊው ዣን ኑቬል ነው። መነሻ ሐሳቡ አንድ የብሩሽ ጭረት ነበር። ቦታው ኦሎምፒክ ፓርክ ውስጥ፣ የወፍ ጎጆ የሚባለው ስታዲየም አካባቢ።

ሜሮን፦ አሪፍ ነው እኮ! ምን አስከፋህ?

ዳዊት፦ አልከፋኝም። ግን ጭረት ወረቀት ላይ የሚያርፈው በአንድ ትንፋሽ ነው። የጸሐፊው ትከሻ፣ ክንድና አንጓ አብረው ይሄዳሉ፣ በቃ አለቀ። ሕንፃ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ያንን ፍጥነት በብረትና በመስታወት ስትሠሪው የሚቀርሽ የፍጥነት ፎቶ ነው።

ሜሮን፦ እንደሱ ካልክማ ቀራፂም የሚሮጥ ፈረስ በድንጋይ መሥራት የለበትም። አልገዛህም።

ዳዊት፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ያዝሽኝ። ቢሆንም እኔን የሚማርከኝ ሌላ ነው። ፊደሉን ትቶ ወረቀቱን የወሰደ ሕንፃ አለ፤ ቻይና ውስጥ ያለው የሱዡ ከተማ ሙዚየም።

ሜሮን፦ የፔይ ሥራ። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የመስታወት ፒራሚድ ሰውዬ።

ዳዊት፦ አዎ፣ አይ. ኤም. ፔይ። የተወለደው ጓንግዡ ቢሆንም የዘር ሐረጉ ከሱዡ ነው። የአንበሳ ጫካ የሚባለው ታዋቂ የአትክልት ስፍራ በአንድ ወቅት የቤተሰቡ ንብረት ነበር፤ በልጅነቱ ክረምት ክረምት እዚያ ይጫወት ነበር። ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሰውዬው ያኔ 89 ዓመቱ ነው።

ሜሮን፦ በ89! እኛ በ60 ጡረታ እንላለን።

ዳዊት፦ ከዋናው አዳራሽ ስትወጪ ኩሬ አለ። ከኩሬው ማዶ ረጅም ነጭ ግድግዳ። ከግድግዳው ጀርባ ያለው በዩኔስኮ የተመዘገበው የጎረቤት የአትክልት ስፍራ ነው፤ ዛፎቹ ከአናቱ በላይ ይታያሉ። ከግድግዳው ሥር ድንጋዮች ተደርድረዋል። ከሻንዶንግ የመጡ ናቸው። እንደ ዳቦ በስሱ ተቆርጠው፣ በስፋታቸው ቆመው። ቀለማቸው እንዲለያይ በእሳት ተለብልበዋል። ከሩቅ ስታያቸው ነጭ ወረቀት ላይ በውሃ በቀጠነ ቀለም የተሳሉ ተራሮች ናቸው።

ሜሮን፦ ቆይ ቆይ፣ ይሄ ሥዕል ነው። ካሊግራፊው የታለ?

ዳዊት፦ እዚያ አገር ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ብሩሹ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ብዙ ጊዜ ሰውዬውም አንድ። ፔይ ለዚህ ግድግዳ መነሻ ያደረገው ከ900 ዓመት በፊት፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረውን ሚ ፉን ነው። ሚ ፉ ተራሮችን ይስላል፤ ግን ስሙ ከሁሉ በላይ የገነነው በካሊግራፊ ነው። ደግሞ በድንጋይ ያበደ ሰው ነበር። ለአንድ እንግዳ ቅርጽ ላለው ድንጋይ እጅ ነስቶ «ታላቅ ወንድሜ» ብሎታል ይባላል።

ሜሮን፦ ወደድኩት! በቃ ይሄን ሰውዬ ወደድኩት።

ዳዊት፦ ወደ ነጩ ግድግዳ ልመለስ። በ18ኛው መቶ ዘመን የተወለደ ደንግ ሺሩ የሚባል ካሊግራፈር ነበር። ከእሱ የሚጠቀስ መርህ አለ። ባዶውን ነጭ ልክ እንደ ጥቁሩ ቁጠረው ይላል። በጭረቶቹ መሃል የቀረው ቦታ ትርፍራፊ አይደለም፤ እሱም የተጻፈ ነው። ሱዡ ሙዚየም ውስጥ የሆነው ይሄ ነው። ግድግዳው ነጭ ልስን፣ ጠርዙና ጣሪያው ግራጫ ግራናይት።

ሜሮን፦ ግራጫ እንጂ ጥቁር አይደለማ።

ዳዊት፦ ዝናብ ጠብቂ! ግራናይቱ ሲርስ ይጠቁራል። ፔይም የመረጠው ለዚሁ ነው። ሱዡ ደግሞ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። ተማሪ እያለን በካፊያ ገብተን ጣሪያው ዓይናችን እያየ ጠቆረ። ነጩ ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔ የቤቱ መስመር ሁሉ ልክ አሁን የተጻፈ ይመስላል።

ሜሮን፦ እኔ ደግሞ ስሰማህ ብራና ላይ የሚጽፉት የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ትዝ አሉኝ። እነሱም በመስመር መሃል ስንት ቦታ እንደሚተው ያውቁበታል።

ዳዊት፦ ያውቁበታል። ግን ልዩነት አለ። ብራና ላይ ከተሳሳትሽ በቢላ ፍቀሽ ታርሚያለሽ። የቻይናው ሹዋን ወረቀት ቀለሙን ወዲያው ነው የሚጠጣው። ምሕረት የለውም። እጅሽ ትንሽ ካመነታ ቀለሙ ተንዠርግጎ ያጋልጥሻል።

ሜሮን፦ ናንጂንግም አንድ አለ ብለኸኝ ነበር።

ዳዊት፦ ሲፋንግ የሚባለው የጥበብ ሙዚየም። የአሜሪካዊው አርክቴክት ስቲቨን ሆል ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ተከፈተ። ከናንጂንግ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ነው። የሆል መነሻ የጥንት የቻይና ሥዕል ነው፤ ዓይን አንድ ቦታ ቆሞ የማያይበት፣ እየሄደ የሚያይበት። ስለዚህ የላይኛው ጋለሪ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እየታጠፈ ይሄድና መጨረሻው ላይ ናንጂንግን ከሩቅ ያሳይሻል። ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ብቻ። ታች ያለው ኮንክሪት ጠቁሯል፤ ሲሞላ የደገፈው ጠፍጣፋ ጣውላ ሳይሆን ቀርከሃ ስለነበር የቀርከሃው ሽንተረር ላዩ ላይ ቀርቷል። ግቢው የተነጠፈው በከተማው ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች በወጣ ጡብ ነው።

ሜሮን፦ ይሄኛው ከሱዡ ይልቅ ለእኔ ይመቸኛል። ባዶው ነጭ ትንሽ ያስፈራኛል፣ እውነቴን ነው።

ዳዊት፦ ሙዚየም እኮ ነው፣ ሳሎን አይደለም።

ሜሮን፦ እሱማ ነው። ግን ሰው ሲገባ ዕቃ ከማየቱ በፊት ሕንፃውን እያየ ቀኑ ካለቀስ? የሚንግ ዘመን ሥዕሎች ማን ያያቸዋል?

ዳዊት፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልስ የለኝም። ሱዡ የሄዱ ጓደኞቼ የሚልኩልኝ ፎቶ የግድግዳው ነው። የሥዕሎቹን የላከልኝ የለም።

ሜሮን፦ ይኸውልህ! ለመሄድ ያሰቡ ካሉ ምን ይወቁ?

ዳዊት፦ የሱዡው መግቢያ ነፃ ነው፣ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው። ሰኞ ዝግ ነው። ሻይ የሚጠጣበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ዊስተሪያ የሚባል ሐረግ አለ፤ ከ500 ዓመት በፊት የነበረው ሠዓሊና ካሊግራፈር ወን ዠንግሚንግ ተከለው ከሚባለው ዛፍ ተቆርጦ የመጣ ነው። በጸደይ ሐምራዊ አበባ ያወጣል። ዝናብም ከፈለጋችሁ የሰኔው ይሻላል።