ይቺን ክፍተት እንዝጋት?

ሜሮን፦ እሺ፣ የዛሬ ርዕሳችን ፈገግታ ነው። ጥርሱ ላይ ምን አይተን ነው «ሲስቅ ያምራል» የምንለው?

ዮናስ፦ አንቺ ፍንጭት ነሽ፤ መልሱ ታውቋል።

ሜሮን፦ (ሳቅ) ቆይ፣ እሱን ልንገርህ። መንጋጋዬን አሞኝ ሄድኩ። ሐኪሙ ገና አፌን ስከፍት «ይቺን ክፍተት እንዝጋት?» አለኝ።

ዮናስ፦ መንጋጋውስ?

ሜሮን፦ ረስቶታል! ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ቡና እየቀዳች ነበር፤ ጀበናውን አስቀመጠችው። «ስንቱ ለፍንጭት ሲዘፍን አንቺ ልታስደፍኚው?»

ዮናስ፦ እሳቸው ጀበና ካስቀመጡማ አለቀ።

ሜሮን፦ አያቴ ደግሞ ድዷን ተነቅሳ ነበር። በመርፌና በጥላሸት። ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ሐጫ በረዶ ይመስላል። ያ ሁሉ ስቃይ ለፈገግታ!

ዮናስ፦ ልማድ ነው እኮ። ጃፓን ድሮ ያገቡ ሴቶች ጥርሳቸውን ራሱን ያጠቁሩ ነበር።

ሜሮን፦ ፍንጭት ግን በራሱ ያምራል።

ዮናስ፦ ለእኛ።

ሜሮን፦ ለማንም! እ... እሺ፣ ለእኛ። ግን ያምራል።

ዮናስ፦ ርዕሱ ሜሪ፣ ርዕሱ።

ሜሮን፦ አዎ። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የወጣ ጥናት አለ። የፈገግታ ፎቶ እያዛቡ ለሰው አሳዩ። የፊት ጥርሶች መሀል መስመር 4 ሚሊሜትር ወደ ጎን ሲሸሽ ያወቁት ጥርስ የሚያስተካክሉት ሐኪሞች ናቸው። ሌላው ሰው ልብ አላለውም።

ዮናስ፦ ያንቺ ሐኪም በማስመሪያ ነው ያየሽ።

ሜሮን፦ በቃ! ለእማዬ እነግራታለሁ።

ዮናስ፦ የኔ ግን ማስመሪያም አያስፈልገው። ወንጂ ነው ያደግኩት። ጥርሴ በልዟል።

ሜሮን፦ ከውሃው ነው አይደል?

ዮናስ፦ ፍሎራይዱ። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ ነው የሚያበላሸው። ድዴ እስኪደማ በመፋቂያ ፍቄዋለሁ፤ ወይ ፍንክች።

ሜሮን፦ ለዛ ነው ስትስቅ አፍህን የምትሸፍነው?

ዮናስ፦ ሰፈር እያለሁ አልሸፍንም ነበር። የሁላችንም እንደዛው ነዋ። አዲስ አበባ ስመጣ ነው እጄ የለመደው።

ሜሮን፦ አሁን እኮ ሳቅክ። እጅህ ግን ማይኩ ላይ ነው።

ዮናስ፦ ካሜራ የለማ!

ሜሮን፦ ለሚቀጥለው እናመጣለን።

ዮናስ፦ እማማ ከነጀበናቸው ከመጡ ብቻ።