ሺመርና ዲሌይ ለችክችካና ለአምባሰል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ዛሬ ስልካችን የተጨናነቀው በዲጂታል የጊታር ፕሮሰሰር፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ በሚለዋውጠው ሳጥን፣ ጥያቄዎች ነው። አራቱን ከነመልሳቸው እነሆ።

ከግሽ ዓባይ የደወለ ጊታሪስት፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፕሮሰሰሬ ላይ ባለ አራት መስመር ዲሌይ አለ። ቤት ስለማመድ ያምራል፤ ከባንዱ ጋር ችክችካ ስንገባ ግን ይተራመሳል። ድራመሩ «ምቱን አበላሸህብኝ» ይለኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልኝ ወንድሜ። ድራመርህ እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ ግን የጣትህ ሳይሆን የቁጥሩ ነው። ዲሌይ ማለት ገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ዲሌይህን 500 ሚሊ ሰከንድ ላይ ስታደርገው 85 ሜትር ርቆ ከቆመ ገደል ፊት እንደ መጫወት ነው። አራት መስመር ስትከፍት በተለያየ ርቀት የቆሙ አራት ገደሎች ይመልሱልሃል። የት የት እንዳቆምካቸው ካላወቅህ መንጫጫታቸው አይቀርም።

ከፋብሪካ ተሞልቶ የሚመጣው ቅንብር በአብዛኛው ምቱን ለሁለትና ለአራት ለሚከፍል ሙዚቃ የታሰበ ነው። ብዙ ጊታሪስት የሚወደው «ዶትድ ኤይትዝ» የአንድ ምት ሦስት አራተኛ ነው። የእኛ ችክችካ 6/8 ነው፤ ምቱ ለሦስት ይከፈላል። በደቂቃ 120 ምት የምትጫወቱ ከሆነ 60,000ን ለ120 አካፍል፤ አንዱ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ሦስት አራተኛው 375 ነው። የችክችካው ትንንሽ ምቶች ግን 167፣ 333 እና 500 ላይ ናቸው። 375 ከነዚህ አንዱም ላይ አያርፍም፤ ድራመርህን የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

አንደኛውን መስመር 333 ላይ፣ ሁለተኛውን 500 ላይ አቁም። የሁለተኛውን ድምፅ ከአንደኛው ቀንስ፤ ፊድባኩን (የማሚቶውን ድግግሞሽ መጠን) ከ20 በመቶ አታሳልፍ። ሦስተኛውንና አራተኛውን እኔ ለጭፈራ ዘፈን አጠፋቸዋለሁ፤ ለቀስታ ዘፈን ነው የምመልሳቸው። በታፕ (ፍጥነቱን በእግር እየረገጥህ በማስያዝ) የምትሠራ ከሆነ ክፍፍሉን «ኳርተር ትሪፕሌት» አድርገህ ትልልቁን ምት ብቻ ርገጥ። ትንንሾቹን ከረገጥህ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ይሆንብሃል።

ከሹም አቦ የደወለች ጊታሪስት፦ ሺመር በትዝታ ስጫወትበት ልቤን ይነካዋል። አምባሰል ላይ ስከፍተው ግን ጊታሩ ቅኝቱ የወረደ ይመስላል። ደጋግሜ ቃኘሁት፤ ለውጥ የለም። አንቺ ሆዬ ላይስ ልክፈተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጊታርሽ ደህና ነው። ጆሮሽም ትክክል ሰምቷል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ነው የሚያልፈው።

ሺመር እንዲህ ነው የሚሠራው፦ የሪቨርቡ (ድምፁን አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚያስቆየው) ጭራ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይልና ተመልሶ ወደ ሪቨርቡ ይገባል፣ እንደገና ከፍ ይላል፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። የሙዚቃ ፕሮዲውሰሮቹ ብራያን ኢኖና ዳንኤል ላንዋ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስቱዲዮ ውስጥ በተለያዩ መሣሪያዎች ያደርጉት የነበረው ዛሬ በአንድ ሳጥን ገብቷል። ችግሩ አንዳንዱ ቅንብር ከኦክታቩ ሌላ አምስተኛውን ድምፅ፣ ማለትም 7 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ መጨመሩ ነው።

ከዶ ተነሥተን እናስላው። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስተኛቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናል፤ እንግዳዋ ሲ ብቻ ናት፣ ጆሮም ይታገሣታል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ የወረደች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። የሶል አምስተኛ ሬ ነው፤ ከሬ ቤሞል ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። የላ ቤሞል አምስተኛ ሚ ቤሞል ነው፤ እሱም ከቅኝቱ ውጭ ነው። ድምፁ በሁለተኛው ዙር ሲመለስ ደግሞ ዶም ራሷ ሬ ሆና ትወጣለች። ቅኝቱ ወረደ ያልሽው ይህን ነው።

ስለዚህ ፒቹን 12 ግማሽ ድምፅ (አንድ ኦክታቭ) ላይ ብቻ አድርጊው፤ ኦክታቭ ምንጊዜም ቅኝቱ ውስጥ ነው። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። የአምባሰል ነፍሱ በዶና በሬ ቤሞል መካከል ያለችው ግማሽ ድምፅ ናት፤ ሪቨርቡ 8 ሰከንድ ከቆየ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ያንጫጫቸዋል። ወደ 3 ሰከንድ አውርጂው፣ ሚክሱንም (የሪቨርቡን ድርሻ) ወደ 20 በመቶ። ከሁሉ በላይ የምመክርሽ ሺመሩን በእግር ማብሪያ መያዝ ነው፦ ዜማው ሲሄድ ዝግ ይሁን፣ ሐረጉ ዶ ወይም ሶል ላይ ሲያርፍ ክፈቺው። ያኔ እውነትም ሰማይ ይከፈታል። ቮልዩም ፔዳል ካለሽ ከዲሌዩና ከሪቨርቡ በፊት አስቀምጪው፤ ጭራው ሳይቆረጥ ድምፁን ቀስ አድርገሽ ታስገቢዋለሽ።

አንቺ ሆዬ ላይስ ላልሽው፣ እኔ ሺመር አልከፍትም። ቅኝቱ በራሱ የተወጠረ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ይሰማ።

ከቀበሌ 14፦ ፓች (ተቀምጦ የሚጠራ የድምፅ ቅንብር) ስቀይር ዲሌዩ ድንገት ይቆረጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ትሬይልስ» ወይም «ስፒልኦቨር» የሚል ምርጫ ፈልግና አብራው። ከሌለው ለአንድ ዘፈን የሚያስፈልጉህን ሁሉ በአንድ ፓች ሰብስበህ እያበራህና እያጠፋህ ተጫወት። ኖይዝ ጌትህም (ጫጫታን የሚዘጋው) ከዲሌይ በፊት ይሁን፤ ከኋላ ከሆነ ጭራውን እሱም ይበላዋል።

ከዘጌ የደወሉ አባት፦ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክራሬ ላይ የምትለጠፍ ፒክአፕ አድርጌ የልጄ ፕሮሰሰር ላይ ሰካሁት። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ክራር ለዚህ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ አባባ፣ በደንብ ይሆናል። የክራር ድምፅ ቶሎ ስለሚሞት ዲሌይ ከጊታር ይልቅ ለእሱ ይስማማዋል ባይ ነኝ። የምትለጠፈው ፒክአፕ ፒየዞ (ንዝረትን የምትይዝ) ናት፤ በቀጥታ ስትሰካ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋባታል። በመካከል ለፒየዞ የተሠራ ትንሽ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ያስገቡ። ፕሮሰሰሩ ላይ ደግሞ ልጅዎ የጊታር አምፑንና የካቢኔቱን (የማጉያውንና የድምፅ ሳጥኑን) ሲሙሌሽን፣ ማለትም አስመሳዩን፣ ያጥፋልዎት፤ ያ ለኤሌክትሪክ ጊታር የታሰበ ነው። ከዚያ ሁለት የዲሌይ መስመር ብቻ ይክፈቱ። ወደ ሞንታርቦው (ድምፅ ማጉያው) የሚሄደው ገመድ አንድ ብቻ ከሆነ «ግራ/ሞኖ» የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሰካ፤ ቀኝ ላይ ከተሰካ አንዱ መስመር ጨርሶ ላይሰማ ይችላል።