እቃ እቃ ክፍል ሲገባ

ሰላም፣ ሰላም ቤተሰቦች! ዛሬ ያለነው ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ነው። ከኋላዬ የድንጋዩ አንበሳ ይታያችኋል። የታክሲው ጥሩምባ ከበዛባችሁ ይቅርታ፣ ለገሃር በዚህ ሰዓት እንዲህ ነው።

ርዕሳችን ፊዚካል ቴአትር። በሰውነት የሚነገር ቴአትር። ልጆችን፣ ሁሉንም ልጆች፣ አንድ ላይ እንዴት ያስተምራል?

መጀመሪያ ግን እቃ እቃ። እቃ እቃ ያልተጫወተ አለ? ቆርኪው ድስት ነው። አፈሩ ሽሮ ነው። ቅጠሉ አንዴ እንጀራ፣ አንዴ ብር ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሩጫ ላይ “አንተ ቁጭ በል” የተባለው ልጅ እዚህ ቦታ አያጣም። መሮጥ ካልቻለ ባለሱቅ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ማውራት የማትወደዋ ሙሽራ ትሆናለች፣ ሙሽራ ደግሞ ዝም ነው የምትለው። ገና አፉን ያልፈታው ትንሹ ወንድም ሳይቀር “ልጃችን” ተብሎ ይታዘላል። “መጀመሪያ ማንበብ ቻል፣ ከዚያ ትገባለህ” የሚል የለም። ጨዋታው በልጁ ልክ ይሰፋል። እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ማንንም ልጅ ሳይተው አንድ ላይ የሚያስተምር፣ አላየሁም።

ፊዚካል ቴአትርም ይሄንኑ ነው፣ በሥርዓት። ቶሎ ልለፈው። ፈረንሳዊው ዣክ ለኮክ በ1956 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የቴአትር ትምህርት ቤት ከፈተ። ከቴአትር በፊት የስፖርት መምህር ነበር። ተማሪዎቹን ውሃ ሁኑ፣ እሳት ሁኑ ይል ነበር። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ደግሞ ሐሳብን ያለ ቃል፣ በሰውነት ምስል፣ እንደ ሐውልት ቆሞ ያሠራ ነበር። ልክ እንደዚህ አንበሳ፤ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፣ ግን ኩራቱ ያልገባው አለ? ክፍል ውስጥ የውሃ ዑደት እንበል። ልጆቹ ሐይቅ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ቀስ እያሉ ይተናሉ፣ ተጠጋግተው ደመና ይሠራሉ፣ በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ ይዘንባሉ። “ትነት” የሚለው ቃል መጨረሻ ይመጣል። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ እንቀጥል።

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ አለ። “ፊዚካል ከሆነ ሙሉ አካል ላለው ልጅ ብቻ አይደለም ወይ?” አይደለም። ኧረ አይደለም! እስክስታ የት ነው ያለው? ትከሻ ላይ። ዊልቸር ላይ ተቀምጦ አይመታም? እዚሁ አዲስ አበባ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የጎዳና ልጆችን ይዞ የተነሳው አዱኛ የዳንስ ቡድን ከአካል ጉዳተኛ ዳንሰኞች ጋርም ሠርቷል። ማየት የተሳናት ልጅ ጓደኛዋ በሰውነቷ የሠራችውን ምስል አስፈቅዳ በእጇ ትዳስሳለች፣ ዝናቡን በጆሮዋ ትሰማለች። መስማት የተሳነው ልጅማ ፊቱና እጁ ቋንቋው ነው፣ እሱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል። ኦቲዝም ያለበት፣ ጫጫታ የሚያስጨንቀው ልጅ ካለ ራቅ ብሎ ተራራ ይሁን፤ ደመናው ተራራው ጋ ሲደርስ አይደል የሚዘንበው!

ደግሞ እባካችሁ መምህራን፣ ዊልቸር ላይ ያለውን ልጅ ሁልጊዜ ዛፍ አታድርጉት። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ምን መሆን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ምናልባት ንፋስ ልሁን ይላል፣ በዚያ ጎማ ከሁሉም ይፈጥናል።

ዛሬ ማታ ቤት ሞክሩት። ልጃችሁን “ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ሁን” በሉት። አትቸኩሉ፣ ዓይን እስኪያወጣ ጠብቁት።