«ዝም» ስትቀር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀዳው ጣና ዳር ተቀምጬ ነው፤ የነፋሱ ድምፅ ጣልቃ ቢገባባችሁ ታገሡኝ።

የማወራችሁ ሁለት ቃል ስላላቸው የእንግሊዝኛ ግሦች ነው፤ መጀመሪያ ግን አስጎብኚ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት የሆነ ነገር ላጫውታችሁ። አራት እንግዶች ይዘን ወደ ዘጌ እየሄድን፣ ክብራን ገብርኤልን አለፍ እንዳልን ሞተሩ አንዴ ያጓራል፣ አንዴ ጥፍት ይላል። ጀልባ ነጂው «መበላሸት ጀምሯል፣ ንገራቸው እንጂ» አለኝ። ዞር ብዬ «ዘ ቦት ስታርትድ ብሬኪንግ» አልኳቸው።

በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት እናት የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ውሃ ገብቶ እንደሆነ ብለው ይመስለኛል፣ ወለሉን ያያሉ። ለካ «ጀልባው መሰባበር ጀመረ» ነው ያልኳቸው! ማለት የነበረብኝ «ዚ ኢንጂን ስታርትድ ብሬኪንግ ዳውን» ነበር። ሞተሩን ጀልባ አድርጌዋለሁ፤ «ዳውን»ን ደግሞ ጭራሽ ትቻታለሁ። የእኚያ ሴት እጅ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ትምህርት ቤት የያዝኩት «ከስታርት በኋላ ግሡ ላይ ኢንግ ጨምር» የሚለውን ብቻ ነበር። እንደ «ብሬክ ዳውን» ያለ ፍሬዛል ቨርብ ሲሆን ግን ግሡ ሁለት ቃል ነው። ኢንግ የሚገባው ፊተኛው ላይ ነው፤ ኋለኛው ሳይለወጥ አብሮ ይሄዳል። ጌት አፕ፣ ስታርትድ ጌቲንግ አፕ። በ«ቱ»ም ይሆናል፦ ስታርትድ ቱ ጌት አፕ። በትርጉም እምብዛም አይለያዩም።

ይህንን አብረውኝ ለሚለማመዱት ልጆች ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። በኋላ የገባኝ፣ ነገሩ እኛው ቋንቋ ውስጥ መኖሩ ነው። «ዝም አለ» የሚለውን እዩት። ዝም አለች፣ ዝም እንላለን፣ ዝም ማለት ጀመረ። የሚለዋወጠው «አለ» ብቻ ነው፤ «ዝም» ንቅንቅ አትልም። አሁን «ዝም»ን አውጧትና «ማለት ጀመረ» በሉ። ተቃራኒው ሆነ፤ ሰውየው መናገር ጀመረ! ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ቀጥ አለ፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ «ዝም»ን ረስቶ አያውቅም። «ዳውን»ንም የሚረሳበት ምክንያት የለም።

አንድ ቦታ ላይ ግን መንገዳችን ይለያል። እኛ «ከፍ አደረገው» ስንል «እሱን» የሚለው መጨረሻ ላይ ይለጠፋል። እንግሊዝኛው መሐል ያስገባዋል፦ ስታርትድ ፑቲንግ ኢት ኦን፣ «መልበስ ጀመረ» ለማለት። «ፑቲንግ ኦን ኢት» አይባልም። «ዘ ጃኬት» ብለን ስሙን ከጠራን ግን መሐልም መጨረሻም ይሆናል። ይህቺን ልጆቹ ደጋግመው ካላሏት አትያዝም፤ እኔም እየደጋገምኩ ነው የያዝኳት።

ሌላዋ፣ ስታርት ራሱ ኢንግ ከያዘ ቀጣዩን በ«ቱ» ማድረግ ነው። «ኢት ኢዝ ስታርቲንግ ብሬኪንግ ዳውን» ሁለት ኢንግ ተደራርቦ ለጆሮ ይከብዳል፤ «ስታርቲንግ ቱ ብሬክ ዳውን» ነው የሚባለው። የእኛ እናቶችም «ማልቀስ ጀመረች» ይላሉ፣ «ታለቅስ ጀመር»ም ይላሉ፤ የትኛው የት እንደሚያምር ጆሯቸው ይነግራቸዋል። ለእንግሊዝኛውም እንዲህ ያለ ጆሮ እንዲኖራቸው ነው ልጆቹን ጀልባ ላይ የማስተምራቸው።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ስንመለስ፣ እንደ ልማዱ ነፋሱ ተነሣ፤ ማዕበሉ የጀልባውን ጎን ይመታ ጀመር። አብሮኝ የሚለማመደው ልጅ እኔን ሳያይ ወደ እንግዶቹ ዞረና ረጋ ብሎ «ዘ ዊንድ ኢዝ ስታርቲንግ ቱ ፒክ አፕ። ፕሊዝ ፑት ዩር ጃኬትስ ኦን» አላቸው። ማንም አልደነገጠም። ጃኬታቸውን ከመቀመጫው ሥር አውጥተው ለበሱ።