ቤት በክረምት ይሸጣል? የድሬ አድማጮች ጥያቄና መልስ

በቤት ሽያጭ ጉዳይ ስልክ ስንከፍት ጥያቄው ከሰዓቱ በለጠ። የቀሩትን በጽሑፍ ልመልስ። ድሬ ነንና አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ከሳቢያን አንዲት አድማጭ፦ ቤቴን ልሸጥ ነው። ደላላው "በክረምት ገዢ የለም፣ ወይ ዋጋ ቀንሺ ወይ መስከረም ይጥባ" አለኝ። እውነቱን ነው?

ግማሹን። ሐምሌ ላይ ቤት ለማየት የሚዞረው ሰው ያንሳል፣ እሱ ልክ ነው። ግን የሚመጣው ለወሬ አይመጣም። ልጁን ለመስከረም ማስመዝገብ ያለበት አለ። ከውጭ ለእረፍት መጥቶ ሳይመለስ መጨረስ የሚፈልግ አለ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ተሳልሞ "እስቲ ድሬም ልውረድ" ያለ ዘመድም አለ።

ደላላውን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ስንት ሰው አምጥተህ በዋጋው ምክንያት ተመለሰ? አንድም ሰው ሳያመጣ ቀንሺ የሚል ደላላ፣ ብዙ ጊዜ የራሱን ገዢ በኪሱ ይዟል። ቤቱን ደግሞ ጠዋት አሳዪ፣ ከ4 ሰዓት በፊት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም የጫት በርጫውም አለ፤ ማን ቤት ያያል?

ደቻቱ ወንዝ አካባቢ የሚኖር አድማጭ፦ ቤቴ ጎርፍ ገብቶበት ያውቃል። አሁን ቀለም ቀብቼዋለሁ። ለገዢው መናገር አለብኝ?

አቦ ተናገር! ደቻቱን የማያውቅ የድሬ ሰው የት አለ? በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ከዚያ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደንገጎ ተራራ በኩል ይዘንብና በሌሊት ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ሌሊት መጥቶ ነው። ስለዚህ ገዢው አንተን ባይጠይቅ ጎረቤትህን ይጠይቃል። ሕጉም ቢሆን የሚያውቀውን ጉድለት ለደበቀ ሻጭ አያዝንም፤ ውሉ ላይ "አይቶ ተቀብሏል" ብለህ ብታጽፍም አያድንህም።

ቀለሙን በተመለከተ ሌላ ሰው ቤት ያየሁትን ልንገርህ። ሳሎኑ አዲስ ቢጫ ተቀብቷል፣ ሽታው ገና አልለቀቀም። ገዢው ምንም አላለም። ሶፋውን ትንሽ ገፋ አደረገና ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን በጥፍሩ ቧጠጠው። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳ፣ ከስሩ ጭቃ የጠጣ ልስን ብቅ አለ። ሻጩ ወዲያው ስለ ካርታው ማውራት ጀመረ። ሰውዬው ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖ ወጣ። በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ለቀለም የምታወጣውን ብር አሸንዳው ላይ አውለው። ውሃው እስከየት እንደደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳሠራህ፣ የጎርፍ መከላከያ ግንቡ ከቤትህ ምን ያህል እንደሚርቅ አሳየው። ቤቱ አሁን ውሃ የማያስገባ ከሆነ ደግሞ ዝናብ በጣለ ማግስት ጥራው። መስከረም ላይ የሁሉም ሰው ግቢ ደረቅ ነው፤ ሐምሌ ላይ የደረቀ ግቢ ግን ራሱ ይሸጣል።

ከከዚራ፦ የአባታችንን ቤት አምስታችንም ለመሸጥ ተስማምተናል። ነሐሴ ላይ ይቻላል?

የወራሽነት ማረጋገጫ በእጃችሁ ካለ ይቻላል። ከሌለ ነሐሴን እርሱት። ፍርድ ቤት የክረምት እረፍት ላይ ይሆናል፣ ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳይ ጉዳይ ነው። ካርታው በአባታችሁ ስም እያለ ከማንም ብር እንዳትቀበሉ። ውጭ ያለው ወንድማችሁ የሚልከው ውክልናም ቤት መሸጥን በግልጽ ይጥቀስ፤ "ጉዳዬን ሁሉ ያስፈጽምልኝ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም።

የመጨረሻው ደዋይ፦ ከአንድ ሰው 100 ሺህ ብር ተቀብያለሁ፣ ዝናቡ ሲያልፍ እንጨርሳለን ተባብለን። አሁን የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ መጣ። ብሩን መልሼ ለሌላው ልሽጥ?

መጀመሪያ ወረቀቱን አውጣና አንብብ። "ቀብድ" ነው የሚለው ወይስ "ቅድሚያ ክፍያ"? ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ያያቸዋል፣ ሕጉ ግን አያይም። ቀብድ ከሆነና ሌላ ስምምነት ካልጻፋችሁ፣ የሰጠው ሰው ሲያፈርስ ብሩ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ነው። 200 ሺህ ትመልሳለህ ማለት ነው። አዲሱ ገዢ የጨመረልህ ከ100 ሺህ ካልዘለለ ልፋት ብቻ ነው የሚተርፍህ። ለማንኛቸውም ብትሸጥ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈረም አለበት። ስም ሲዞር የሚከፈለውን የ2 በመቶ ቴምብር ማን እንደሚችልም ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ቤቱ የጋራ ከሆነ ባለቤትህ ተስማምታለች? ያለ እሷ ፈቃድ የጋራ ቤት አይሸጥም። ይህን ስጠይቅህ ነው መስመሩ የተቋረጠው። እንደገና ደውል።