እስከ ዳር የታጨደ ደመወዝ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አላችሁ?

ስለ መስጠት እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። አትስጉ፣ ሙዳየ ምጽዋት አላዞርም። የማወራው ገንዘቡ ገና በእጃችን ሳለ ስለሚሆነው ነው።

አብዛኞቻችን የምንሰጠው ሲተርፈን ነው። ደመወዝ ይገባል፣ ኪራይ ይከፈላል፣ ይበላል፣ ይለበሳል። በወሩ መጨረሻ የተረፈ ካለ እንሰጣለን። ግን አይተርፍም። ገቢ ሲጨምርም አይተርፍም፤ ወጪው አብሮ ያድጋላ!

ዘሌዋውያን 19 ላይ ለእስራኤል ገበሬ የተሰጠ ትእዛዝ አለ። የእርሻችሁን ድንበር ፈጽማችሁ አትጨዱ፣ ቃርሚያውንም አትልቀሙ፣ ለድሃና ለመጻተኛ ተዉት ይላል። ገበሬው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ ካስገባ በኋላ ቆንጥሮ ይስጥ አልተባለም። ማጭዱን ሳያነሳ የት ላይ እንደሚያቆም ማወቅ ነበረበት። ሩት በቦዔዝ እርሻ ቃርማ አማቷን ኑኃሚንን የመገበችው በዚህ ሥርዓት ነው። ዳሩ ስንት ክንድ ይሁን? ትእዛዙ አይናገርም። ለባለ እርሻው ተትቷል።

እኛ ደመወዛችንን እስከ ዳር እናጭዳለን። አንዳንዶቻችንማ በዱቤ የሚቀጥለው ወር ማሳ ውስጥ ገብተናል።

ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ችግረኞች መዋጮ ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን እዩ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 ላይ ነው። እያንዳንዱ እንደ ገቢው መጠን በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ለይቶ ያስቀምጥ፣ እኔ ስመጣ መዋጮ እንዳይጀመር ይላል። ጥሩ ተናጋሪ መጥቶ ሆዳችን ሲባባ እንድንሰጥ አልፈለገም። ይህን ማንም የበጀት ባለሙያ ቢፈርምበት አያፍርም።

ስለዚህ ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ከኪራዩም በፊት፣ የወሰናችሁትን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሌላ የባንክ ሒሳብ ይሁን፣ ፖስታ ይሁን፣ ግድ የለም። አንድ ሰው ለሕክምና ቸግሮት ሲደውል ምን እንደምናደርግ ታውቁታላችሁ። ስልኩን ጆሯችን ላይ አድርገን የልጆቻችንን ትምህርት ቤት ክፍያ በሐሳብ እንቀንሳለን፣ እንደምራለን፣ ከዚያ «እስቲ ነገ ልደውልልህ» እንላለን። ምሳሌ 3፥28 በእጅህ እያለ «ሂድና ተመለስ፣ ነገ እሰጥሃለሁ» አትበል የሚለው ይህንን ነው። ፖስታው ካለ ጥያቄው ስንት ልስጥ ብቻ ይሆናል።

ስንት ይለይ? አሥራት ዛሬም ግዴታ ነው አይደለም በሚለው ክርስቲያኖች ይለያያሉ፤ ዛሬ አልዳኘውም። በእኔ አስተያየት ከመቶ አሥር ጥሩ መነሻ ነው። ዕዳ አንገቱ የደረሰ ሰው ግን ከመቶ ሁለት ቢጀምር አይፈር። ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው አይደለም፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12። ገቢው እጥፍ ሆኖ አሥሯ ላይ የተደላደለ ደግሞ ራሱን ይጠይቅ።

አሥራት አግቡ፣ በረከት አፈስላችኋለሁ የሚለውን ሚልክያስ 3፥10ን እንደ ሎተሪ የሚሰብኩ አሉ። የሰማይን መስኮት እከፍትላችኋለሁ የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። እዚያው ቁጥር ላይ ያለው «በቤቴ ውስጥ መብል እንዲኖር» ግን ይዘለላል። በዘዳግም 14 መሠረት በየሦስት ዓመቱ የሚወጣው አሥራት ለመቅደስ አገልጋዩ ለሌዋዊ፣ ለመጻተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት ነበር። በልተው እንዲጠግቡ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ ኢየሱስ የወቀሳቸው ሰዎች ነበሩ። አባትና እናታቸውን የሚረዱበትን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብለው ይከለክሏቸው ነበር። መስጠት የቤት ግዴታን አይሽርም፣ ዕዳንም አይሰርዝም። የሠራተኛዋን ደመወዝ ሁለት ወር አቆይቶ ስጦታ የሚያስገባ ሰው፣ የሰጠው የማንን ገንዘብ እንደሆነ ይመርምር።

በመጨረሻ ስለ ተቀባዩ። ጳውሎስ መዋጮውን ብቻውን አልያዘም። ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ላከ፤ ምክንያቱንም በዚያው በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ጽፏል፣ ማንም እንዳይነቅፈን ብለን ነው ይላል። እናንተም የምትሰጡበትን ቦታ ሒሳቡን አሳዩን በሉ። «ለምን ጠየቃችሁ?» ብሎ የሚቆጣ ካለ፣ የዚያን ወር ፖስታ ለምታውቁት ችግረኛ በእጁ ስጡት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።